የ1972 ኮርቬት ጋራዤ ገባች፤ ከየት ልጀምር?

ሦስተኛ_ማርሽ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቤት ዝም ብዬ ሳነብ ዓመት አልፎኛል፤ ዛሬ የማወራው ነገር ስላገኘሁ ብቅ አልኩ።

ገዛኋት። የ1972 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማወራው) ሼቭሮሌ ኮርቬት ስቲንግሬይ፣ የአሜሪካኖቹ የስፖርት መኪና ናት፤ ጣሪያዋ በሁለት ቁራጭ የሚነሳው ዓይነት፣ ሞተሯ 350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ካምቢዮዋ የእጅ፣ ባለ 4 ማርሽ። ሻጩ አዛውንት ናቸው። 19 ዓመት ሙሉ ሸራ አልብሰው መጋዘን ጥግ አቁመዋት ነበር። "ስትቆም ትሠራ ነበር" አሉኝ። ሁሉም ሻጭ የሚላት ነገር መሆኗን አውቃለሁ፤ ግን አመንኳቸው።

ቀለሟ ቀይ ነው፤ እሱም እየተላጠ ነው። ቦዲዋ ላይ ግን አንድም ዝገት የለም! እቅዴ ይሄ ነው፦ ያለውን ደካማ ሞተር አወጣለሁ (መጽሐፉ ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የሚለውን ሳነብ ራሴን ነው ያዞረኝ)፣ በቦታው የዘመኑን የጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ ሞተር እተክላለሁ፣ ከኋላው ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ፣ ከዚያ ሰፋፊ ጎማና ጥቁር ቀለም። ሥራው ሁሉ በቤቴ ጋራዥ፣ በእረፍት ቀኔ። ብየዳ አልችልም፤ መፍታትና መግጠም ግን አያቅተኝም።

የሞተር ማንሻ ክሬን ተከራይቼ ቅዳሜ ላወርደው ነው። ከዚያ በፊት የምትሉኝ ካለ?

ካንዴላ

ወንድሜ አበጀህ! አታመንታ። ኤልኤስ አስገባባት፣ ታበራለች። ብዙ ሰው ሠርቶታል፤ የሞተር መቀመጫው፣ የዘይት ገንዳው፣ የጭስ ማውጫው ሁሉ ለዚች መኪና ተብሎ ተሠርቶ ይሸጣል። ፎቶ እንዳትረሳ።

ሊቀ_ዝገት

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ክሬኑን ግን መልስ።

"ቦዲዋ ላይ አንድም ዝገት የለም" ያልከውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከየት ይመጣል? ቦዲዋ እኮ ፋይበርግላስ ነው፤ በሬዚን ማጣበቂያ የተያዘ የመስታወት ክር። ኮርቬት በ1953 ፍሊንት፣ ሚሺጋን ውስጥ 300 ብቻ ተሠርታ፣ ሁሉም ነጭ ተቀብተው ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ ቆዳዋ ብረት ሆኖ አያውቅም። አጥንቷ ነው ብረት። ሌላ መኪና ሲዝግ ቀለሙ አብጦ ይነግርሃል፤ ይቺ ግን ላይዋ እያማረ ውስጥ ለውስጥ ታልቃለች። ስንቱን አየሁት መሰለህ፤ ሞተር ቀይሮ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ወንበር አልብሶ ከጨረሰ በኋላ ነው ሻንሲው ሊበጠስ እንደደረሰ የሚያየው።

ስለዚህ ትልቅ ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ ያዝና ከሥሯ ግባ። በክሪክ ብቻ አንስተህ እንዳትገባ፤ አራት መደገፊያ ካቫሌቶ ይኑርህ፣ ከመግባትህ በፊትም በደንብ ነቅንቃት።

መጀመሪያ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ሻንሲው ወደ ላይ የሚታጠፍበትን ክርን ፈልግ። ጎማው ጭቃና ጨው እየረጨ እዚያ ያከማቻል፤ ሻንሲው ውስጡ ባዶ ስለሆነም የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በካቻቢቴው እጀታ ምታው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠህ ደግ ነው፤ ድብን ካለ ክፉ ነው። ከዚያ በጫፉ ወጋ ወጋ አድርገው፣ አትሳሳለት።

ቀጥሎ አሜሪካኖቹ "በርድኬጅ"፣ የወፍ ቤት፣ የሚሉት አለ። ፋይበርግላሱ ውስጥ የተደበቀ የብረት አጽም ነው፤ የፊት መስታወቱን፣ የበሩን ማጠፊያና ጣሪያውን የሚሸከመው እሱ ነው። የመስታወቱን ዙሪያ ጌጥ ንቀልና ላይና ታች ማዕዘኖቹን እይ። ከዚያ ውስጥ ገብተህ ከእግር ማሳረፊያው ጎን ያለችውን የፕላስቲክ ሽፋን ፍታ፤ የበሩ ምሰሶ እግር እዚያ ይታያል። በመስታወት ጠርዝ የገባ ውኃ ወርዶ ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ምንጣፉ ሥር እርጥበት ወይም የዝገት ፍርፋሪ ካገኘህ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

ይሄን ሳታይ ስለ ሞተር አናውራ።

ባለ_ክሮም

ጋሽ ሊቀ ዝገት እውነት ብለዋል። እኔ አንድ ልጨምር፦ ሞተሩን ከማውረድህ በፊት ቁጥሩን አንብብ። 1972 የሻንሲ ቁጥር የሞተሩን ዓይነት መናገር የጀመረበት ዓመት ነው። አምስተኛዋ ፊደል "ኬ" ከሆነች ተራው 350 ነው፣ "ኤል" ከሆነች ኤልቲ-1 የሚሉት ጠንካራው 350፣ "ደብሊዩ" ከሆነች ትልቁ 454። ከዚያ ሞተሩ ላይ፣ በሾፌሩ ተቃራኒ ካለው ቴስታታ ፊት ለፊት፣ ጠፍጣፋ ቦታ አለች። ቅባቷን በጨርቅና በማጽጃ ጥረግ፤ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈጋው አደራ! እዚያ የተመታው ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር መጨረሻ ጋር ከገጠመ መኪናዋና ሞተሯ ከሴንት ሉዊስ ፋብሪካ አብረው የወጡ ናቸው።

ከገጠመና አውጥተህ ከሸጥከው ደግሞ አንተን አያርገኝ።

ሦስተኛ_ማርሽ

ተመለስኩ። ዜናው ሁለት ዓይነት ነው።

ደጉ፦ ፊደሏ "ኬ" ናት፤ የሞተሩ ቁጥርም ገጠመ። በባትሪ ብርሃን ሦስቴ አነበብኩት። ከቀዩ ቀለም ሥር ደግሞ፣ በሩ ማጠፊያ አካባቢ፣ አረንጓዴ አገኘሁ። የቀለም ኮዱን ከበሩ ምሰሶ ላይ ካለችው ሰሌዳ አንብቤ ሳመሳክር ኤልክሃርት አረንጓዴ የሚሉት ነው። እንዴት ያምራል መሰላችሁ!

ክፉው፦ ካቻቢቴው ገባ። በግራ በኩል፣ እርስዎ ያሉት ክርን ላይ፣ ጋሼ። ወጋ ሳደርገው እስከ እጀታው ሄደ፤ ሳወጣው አንድ እፍኝ የሚሆን ዝገት እጄ ላይ ፈሰሰ። ቀኙ ደህና ነው። የመስታወቱ ማዕዘኖች ላይ ላይ ብቻ ዝገዋል፣ ቀዳዳ የለም። የምሰሶዎቹ እግርም ደረቅ ነው።

ያን ቀን ጋራዡን ዘግቼ ገብቼ ተኛሁ። ልሽጣት እንዴ?

ሊቀ_ዝገት

አትሽጣት። በርድኬጁ ደህና ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ሻንሲ ይበየዳል፤ ለዚያ ክርን ተብሎ የተሠራ ቁራጭም ይሸጣል። በርድኬጁ ቢበሰብስ ኖሮ ያኔ "ሽጣት" እልህ ነበር።

የብረት_ልጅ

በያጅ ነኝ፤ ጥቂት እንደዚህ ዓይነት ሻንሲ ሠርቻለሁ። ስማኝ።

ከመቆረጡ በፊት በሮቹን ዝጋና በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት ለካ፤ ላይ፣ መሃል፣ ታች፣ ፊትና ኋላ። ጻፈው። ሻንሲው በተቆረጠበት ሰዓት መኪናዋ በትክክል ካልተደገፈች ትጎብጣለች፤ በጎበጠችበት ከተበየደች ደግሞ በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። እኔ ከጎኑ ጊዜያዊ ማጠናከሪያ ብረት በይጄ፣ ከዚያ ነው የምቆርጠው።

የነዳጅ ታንከሩ ከኋላ ነው ያለው፣ ይውጣ። ባዶም ቢሆን ይውጣ፤ ባዶ ታንከር ከሙሉው ይብሳል። የባትሪው ገመድ ይነቀል። ፋይበርግላስ እሳት ይይዛል፤ ሲይዝ ጭሱ መጥፎ ነው፣ ስለዚህ የእሳት ማጥፊያ ይዞ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ፍልጭታውን የሚያግድ እርጥብ ብርድ ልብስም አዘጋጅ።

አዲሱ ብረት ከዋናው ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው። ቀዳዳው ላይ ቆርቆሮ ለጥፎ የሚሄድ በያጅ ካጋጠመህ አባረው። የበሰበሰው ደህና ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። ሲያልቅ ውስጡን በረጅም ቱቦ ሰም ነገር ይረጩታል፤ ዝገቱ የጀመረው ከውስጥ ነውና።

ቦዲውን ሙሉ በሙሉ ከሻንሲው ማንሳት ለዚህ አያስፈልግም። ካነሳኸው ግን በየመቀመጫው መካከል ያሉትን ስስ ስስ ብረቶች ቆጥረህ፣ የየትኛው መቀመጫ እንደሆኑ ጽፈህ በከረጢት አስቀምጥ። እነሱ ከተደባለቁ የበሮቹ ነገር አበቃለት።

ጥቁር_ዘይት

ብየዳው ይቆየኝና "200 ፈረስ" ስላልከው ላስተካክልህ፤ ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል።

በ1971 ያው ሞተር 270 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ነበር የሚሸጠው። በ1972 200 ሆነ። 70 ፈረስ የት ሄደ? የትም። የተለወጠው አለካኩ ነው። ድሮ ሞተሩን ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ያለ አየር ማጣሪያ፣ ያለ ማርሚታ፣ ዲናሞውንና ሌላውን ሸክም አውልቀውለት ይለኩት ነበር። በ1972 መኪናው ላይ እንደሚቀመጥ ሆኖ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መለካት ጀመሩ። የግፊት መጠኑ (ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየርና ቤንዚን ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) በሁለቱም ዓመት 8.5 ለ 1 ነው።

እውነተኛው ቅነሳ የመጣው ከ1970 ወደ 1971 ነው። የ1970ው ተራ 350 የግፊት መጠኑ 10.25 ለ 1 ሆኖ 300 ይባል ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እርሳሱ በቀነሰ ቤንዚን እንዲሠሩ ብሎ ሞተሮቹን በ1971 አወረዳቸው። ለአንተ ግን ይሄ በረከት ነው፤ ዛሬ ከማደያ በሚቀዳው ተራ ቤንዚን ያለ ችግር ትሄዳለች።

ስለዚህ ሞተርህ ደካማ አይደለም፤ እውነቱን የተናገረ ሞተር ነው። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) እና ጭስ ማውጫውን ብቻ ብትነካ ትገረማለህ።

ካንዴላ

እሺ እሺ፣ ግን ኤልኤስ ቢገባ ዋናው ሞተር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ጥግ ይቀመጣል። ምን ይጎዳል? ለሙዚየም ነው ወይስ ለመንዳት የገዛት?

ባለ_ክሮም

ካንዴላ፣ ሙዚየም ካነሳህ አይቀር። ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ ያለው የኮርቬት ሙዚየም ወለሉ በየካቲት 2014 ተደርምሶ 8 ኮርቬቶች ጉድጓድ ገብተው ነበር። ሁሉንም አወጧቸው። ሦስቱን አደሱ፤ ከእነሱ አንዷ በ1992 የተሠራችው አንድ ሚሊዮንኛዋ ናት። አምስቱን ግን እንደተጨፈለቁ ተዋቸው። እንዳሉ ለዕይታ አቀረቧቸው።

ይሄን የማነሳው ለምን መሰለህ፤ እኔ በ1974 የተመሠረተው የኮርቬት አዳሾች ማኅበር፣ ኤንሲአርኤስ፣ እንደሚያደርገው የብሎን ራስ ምልክት እያነበብኩ ነጥብ የምሰጥ ሰው ነኝ። እነዚያን አምስት ሳይ ግን ሁሉንም ነገር ወደ ነበረበት መመለስ ግድ እንዳልሆነ ገባኝ። የጠፋ ኦርጅናል ግን በገንዘብ አይመለስም። ይለውጥ፤ ብቻ የሚለውጠው በብሎን የሚመለስ ነገር ይሁን። መቁረጥ ነው የኔ ቀይ መስመር።

ለምሳሌ ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ። የእጅ ካምቢዮ ይዘው በወጡት ላይ ካምቢዮውን የሚሸከመው መስቀለኛ ብረት ከሻንሲው ጋር የተበየደ ነው፤ በአውቶማቲኮቹ ላይ ነው በብሎን የሚፈታው። አዲሱ ካልገጠመ ምን ልታደርግ ነው? ልትቆርጠው።

ሦስተኛ_ማርሽ

ባለ 4 ማርሹ ይቆይ፣ ሞተሩም ይቆይ። አሸነፋችሁኝ። (ካንዴላ ይቅርታ።)

ሻንሲው ተበይዷል። በያጁ ጋራዤ ድረስ መጥቶ በሁለት ቀን ጨረሰው፤ የበሩ ክፍተት ያው የጻፍኩት ቁጥር ላይ ነው። የብረት ልጅ፣ ውለታህ አለብኝ።

አሁን ከኋላ ነኝ። የኋላውን ጎማ የሚሸከመውን ክንድ ከሻንሲው ጋር የያዘው ረጅም ብሎን አልነቃነቅ አለ። ዘይት ረጨሁ፣ በእሳት አሞቅኩት፣ መዶሻ አነሳሁ፣ ተራገምኩ። ምንም።

ሊቀ_ዝገት

አይወጣም። ከማንም አልወጣም። ብሎኑ ከጎሚኒው የውስጥ ቱቦ ጋር ዝጎ አንድ ሆኗል። ረጅም የብረት ምላጭ ባለው የኤሌክትሪክ መጋዝ በክንዱና በሻንሲው መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ግባና በሁለቱም ጎን ቁረጠው። እዚያ መሃል ያሉት ስስ ብረቶች የጎማውን አቅጣጫ የሚወስኑ ናቸው፤ በየጎኑ ስንት እንደነበሩ ጻፍ። በኋላ ማሽን ላይ ማስተካከልህ አይቀርም፤ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ያደርስሃል።

ግን ክንዱን ከማውረድህ በፊት ባሌስትራውን ተጠንቀቀው! በዚች መኪና ባሌስትራው በቁመት አይደለም፣ ከግራ ወደ ቀኝ በዲፈረንሻሉ ሥር ያቋርጣል፤ 9 ንጣፍ አለው። እንደተወጠረ ዳዶውን ብትፈታው ጥርስህን ይዞት ነው የሚሄደው። ጫፉን በክሪክ ደግፈህ፣ ዳዶውን ፈተህ፣ ክሪኩን ቀስ በቀስ አውርድ። ፊትህን ከመስመሩ አርቅ።

ጥቁር_ዘይት

ክንዱ ከወጣ ውስጡ ያሉትን ኩሽኔታዎችም አብረህ አስቀይር። መጭመቂያና ልዩ ማውጫ ይፈልጋሉ፤ ክፍተታቸው የሚለካው በሺኛ ኢንች ነው። እኔ ብዙ ነገር በራሴ እሠራለሁ፣ ይሄን ግን ለሚያውቅ ነው የምልከው። በመዶሻ ከተመታ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ መጮህ ይጀምራል።

ፍሬኑን ደግሞ ሳልነግርህ። ኮርቬት ከ1965 ጀምሮ በአራቱም ጎማ ዲስክ አላት፤ ዲስኩን በሚጨምቀው በእያንዳንዱ መያዣ ውስጥ 4 ፒስተን። ለዘመኑ ድንቅ ነበር። ችግሩ የፒስተኑ ቤት ተራ ብረት ነው፤ መኪናዋ ስትቆም የፍሬን ዘይቱ ውኃ ይስባል፣ ቤቱ ይቦረቦራል፣ ይፈስሳል። 19 ዓመት የቆመ ይሄ ነገር አይተርፈውም። ቤታቸው በማይዝግ ብረት የተለበሰላቸውን ግዛ፤ ከውጭ ሲታዩ ኦርጅናሎቹን ይመስላሉ፣ ባለ ክሮምም አይቆጣም።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ አዲስ ዲስክ ገዝተው ይገጥሙና ፍሬናቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይለሰልሳል። ዘይት አይፈስም፣ ግን አየር ይገባል። ምክንያቱ ፋብሪካው ዲስኩን ከጎማው ማዕከል ጋር በሪቬት አጣብቆ፣ አንድ ላይ አድርጎ ነበር ያስተካከለው። ሪቬቱ ተሰርስሮ ሌላ ዲስክ ሲገባ ትንሽ ይወላገዳል። መያዣው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ዓይነት ስለሆነ የወላገደ ዲስክ ፒስተኖቹን ወደ ውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ እንደ ፖምፓ ያሠራቸዋል፤ በጎሚኒው በኩል አየር ይስባሉ። ስለዚህ ሰዓት በሚመስለው መለኪያ ለካው። ከ5 ሺኛ ኢንች በታች ካልሆነ አትነዳም።

ሦስተኛ_ማርሽ

ለካሁ። ግራው 3 ሺኛ፣ ቀኙ 11! ዲስኩን በሁሉም የብሎን ቀዳዳ እያዞርኩ ሞከርኩት፤ በሦስተኛው 4 ላይ ወረደ። ይሄን ባትነግረኝ ዓመት ሙሉ አየር ሳስወጣ እኖር ነበር።

ባሌስትራው ተቀይሯል፤ ከብረቱ ይልቅ አንድ ንጣፍ የሆነውን የፋይበር አደረግኩ። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በ1981 በአንዳንዶቹ ላይ ስለጀመረው ሕሊናዬ አልወቀሰኝም። ብረቱን ከመደርደሪያ ሥር አስገብቼዋለሁ። ማንሳቱ ወገቤን ሊቆርጠው ነበር፤ አዲሱን በአንድ እጄ ነው የያዝኩት።

የጎማ ነገር ደግሞ፦ እነዚያ ጥርሳቸው ያላለቀ ጎማዎች የሥሪት ኮዳቸው ባለ 3 አኃዝ ሆኖ ተገኘ። ከ2000 በፊት የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። ለማንቀሳቀሻ ብቻ ትቻቸዋለሁ።

ማሳ_የሌለው

ኤሌክትሪኩ ጋ ስትደርስ አንድ ነገር አስብ። ብረት መኪና ላይ አንድ ገመድ ወደ መብራቱ ትወስዳለህ፣ መመለሻው ቦዲው ነው። ፋይበርግላስ ኮረንቲ አይመልስም። እያንዳንዷ መብራት የራሷ የማሳ፣ ማለትም የመመለሻ፣ ገመድ አላት፤ ያ ገመድ የታሰረበት ቦታ ሲዝግ ፍሬቻ ስታበራ የፍሬን መብራት ይበራል፣ ነዳጅ መለኪያው ይዘፍናል። አምፖል ከመግዛትህ በፊት ማሳዎቹን ሁሉ ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ። ከአሥር ችግር ዘጠኙ እዚያ ነው።

ዲስትሪቢዩተሩን፣ ለካንዴላዎቹ ኮረንቲ የሚያከፋፍለውን፣ አትጣል። በ1972 የሞተር ዙር መቁጠሪያው የሚዞረው ከዲስትሪቢዩተሩ በሚወጣ ገመድ ነው፤ ትልቁን የኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር ከገጠምክ መቁጠሪያህ ሞተ። ቦታ ሳትለውጥ ኦርጅናሉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሞጁል አለ፤ ፕላቲኑን ብቻ ይተካል። በላዩ ያለውን የክሮም ሽፋንም መልሰህ ክደን። ጌጥ መስሎህ ይሆናል፤ ኮፈኖው ብረት ስላልሆነ የካንዴላው ብልጭታ ራዲዮው ውስጥ ገብቶ እንዳይጮህ የተደረገ ነው።

ሰናይት_ቀለም

ቀለም ሥራዬ ነው፤ ጥቁር ስትል ስለሰማሁ ነው የመጣሁት። ወንድሜ፣ ጥቁር ፋይበርግላስ ላይ ምሕረት የለውም። ቦዲው በማጣበቂያ የተያያዙ ቁርጥራጮች ነው፤ ከፊት ፓራፋንጎው ላይ፣ ከኋላ ጎኖቹ ላይ መገጣጠሚያ አለ። በፀሐይ ሲሞቅ ማጣበቂያው ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ከወራት በኋላ መስመሩ በቀለሙ ላይ እንደ ጥላ ይወጣል። ጥቁር ያንን ሁሉ ያጋልጣል። ያ አረንጓዴ ግን ይሸፍንልሃል፤ የራሷም ነው።

አሸዋ በመርጨት እንዳታስለቅቀው! ብረት አይደለም፤ ሬዚኑን በልቶ ክሮቹን ያወጣቸዋል። ማስለቀቂያ ኬሚካል ከተጠቀምክ ለፋይበርግላስ ተብሎ የተሠራውን ብቻ። (ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበትን ለተራ ሸማች መሸጥ አሜሪካ ውስጥ በ2019 ተከልክሏል፤ ከድሮ ክምችት "አለኝ" የሚልህን አትስማ፣ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ሰው ገድሏል።) እኔ የምወደው ምላጭ ነው። ሰፊ ምላጭ አጋድመህ ስትገፋው ቀለሙ በንጣፍ በንጣፍ ይላጣል። ጊዜ ይፈጃል፤ ቦዲውን ግን አይጎዳውም፣ የቆየውን ታሪክም ያሳይሃል። በስቱኮ የተሞላ የግጭት ቦታ ያኔ ይወጣል።

የተሰነጠቀውን በስቱኮ አትሙላው። ከውስጥ በኩል አሻክረህ፣ ክርና ሬዚን አልብሰህ፣ ከዚያ ከውጭ ስንጥቁን እንደ ቪ ከፍተህ ሙላው። አለዚያ በክረምት ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሽፋን ከቀባህ በኋላ አትቸኩል፤ ፀሐይ ላይ ለሳምንታት አቁማት። የሚነሳው ይነሳ፣ ያኔ አለስልሰህ ጨርስ። ደምበኞቼ በዚህ ምክር ይናደዱብኛል፤ በኋላ ይመለሳሉ።

ስትፈጋ እውነተኛ የመተንፈሻ ጭምብል አድርግ። የወረቀቷን አይደለም። ልብስህንም ከቤተሰብ ልብስ ጋር አትጠበው፤ ያ ብናኝ ያሳክካል፣ ባለቤትህም ይቅር አትልህም።

ሦስተኛ_ማርሽ

እህቴ ሰናይት፣ ምክሩ ደርሶኛል፣ የመጨረሻው ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው። ትናንት ማታ ሶፋ ላይ ነው ያደርኩት።

ምላጩን ያዝኩ። ቀይ፣ ከሥሩ ሌላ ቀይ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከሥሩ አረንጓዴ። የግራ ፊቷ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ስቱኮ አለ። አረንጓዴ ትሆናለች።

ሦስተኛ_ማርሽ

እርዳታ! አሁን ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ሞተሩ ተከፍቶ ነበር፤ አንድ የካምሻፍት ጥርስ ስላለቀ አዲስ ካምሻፍትና ታፔታ አስገብቻለሁ። ዛሬ ማስነሻዋ ነው። ትፈነዳለች፣ በካርቡራተሩ እሳት ትተፋለች፣ አትነሳም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስሞክር ነበር።

ጥቁር_ዘይት

አቁም! ቁልፉን ልቀቀው!

አዲስ ካምሻፍት በሞትሪኖ እየዞረ ይበላል። ዘይት የሚረጭለት በሞተሩ ፍጥነት ነው፤ በዝግታ ሲዞር ጥርሱና ታፔታው ደረቅ ለደረቅ ይፋጫሉ። እኔ ራሴ አንዱን እንዲሁ ገድዬዋለሁ፤ "ትንሽ ልሞክር" እያልኩ።

የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ እይ። ቅደም ተከተሉ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። በሾፌሩ በኩል ከፊት ወደ ኋላ 1፣ 3፣ 5፣ 7። ሁሉም ሰው የሚያቀያይረው 5ንና 7ን ነው።

ሦስተኛ_ማርሽ

5 እና 7።

ምንም አልናገርም።

ጥቁር_ዘይት

ደግ። አሁን ቸኩለህ አታስነሳ። ዲስትሪቢዩተሩን አውጣና በቀዳዳው በኩል በመሰርሰሪያ የዘይት ፖምፓውን አዙረው፤ ዘይቱ ቫልቮቹ ጋ ሲወጣ እስክታይ። ዚንክ የበዛበት የማለማመጃ ዘይት መሆኑን አረጋግጥ። ካርቡራተሩን በነዳጅ ሙላው። ስትነሳ በዝግታ እንድትዞር አትተዋት፤ ወዲያው ከ2000 እስከ 2500 ዙር አውጣትና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እዚያው አካባቢ ከፍ ዝቅ እያደረግክ ያዛት። የጋራዡ በር ክፍት ይሁን። ከዚያ አጥፍተህ ዘይቱን ቀይር።

ሦስተኛ_ማርሽ

በመጀመሪያው ንክኪ ተነሳች። 25 ደቂቃ በ2200 ዙር ያዝኳት። ጎረቤቶቼ ወጥተው ቆሙ፤ አንዱ ወንበር ይዞ መጣ። ዘይቱን ስቀይር ማግኔት አስገብቼ ፈተሽኩ፤ ከግራጫ ቅባት በቀር የብረት ቁርጥራጭ የለም።

ካንዴላ፣ ስለ ካሊፎርኒያ የጭስ ምርመራ በውስጥ መስመር ጠይቀኸኝ ነበር፤ እዚያ የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ነፃ ናቸው። ስለዚህ ያቺ የምትቋምጥባትን መግዛት ትችላለህ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የፊት መብራቶቿ ተደብቀው ሲበሩ ብቅ የሚሉ ዓይነት ናቸው፤ ሳበራ የቀኝ ዓይኗ ወዲያው ይከፈታል፤ ግራው አራት አምስት ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ለሚያልፈው ሰው ሁሉ እየጠቀሰች ነው።

ሊቀ_ዝገት

እነዚያን የሚያነሳቸው ሞተሩ የሚስበው ባዶ አየር ነው፤ ጎሚኒ ቱቦ በበዛበት ቦታ ሁሉ ይፈስሳል። ከመብራቶቹ ኋላ ያሉትን፣ ያንን አየር የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት ትንንሽ ሪሌዎች እርስ በርስ አቀያይራቸው። ዝግታው ወደ ቀኝ ከሄደ ሪሌው ነው። እዚያው ግራ ከቀረ መብራቱን የሚገፋውን ጣሳ አውርደህ በአፍህ ሳብ፤ ምላስህን ካልያዘው ውስጡ ተቀዷል።

ሦስተኛ_ማርሽ

ወደ ቀኝ ሄደ። ሪሌ አዝዣለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ ቀኙ ይጥቀስ።